የኮሎኔል ላስኮም ዐሥራ አንድ ሳጥኖች

ሰኞ፣ ሜይ 7፣ 2012

ሥራ አገኘሁ፤ ሥራ ከተባለ። በታሪክ በማዕረግ ተመርቄ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሲቪ ስበትን ከርሜ፣ የደረሰኝ የሞተ ፈረንጅ ወረቀት ማራገፍ ነው። ጆበርግ፣ ፓርክታውን ኮረብታው ላይ ያለ የድንጋይ ቤት፣ አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ውስጡ ከውጭው የሚበርድ። ባለቤቷ ሚስስ ላስኮም ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። አያቷ ኮሎኔል ሂዩ ላስኮም ሃያ ዓመት ያህል ሕንድ አገር የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። ዐሥራ አንድ ሳጥን ደብዳቤና ማስታወሻ ትቶ ሞቷል። እሷ ደግሞ ሳትሞት ታሪኩን በመጽሐፍ ማየት አምሯታል፤ ለዘመድ የሚታደል ስልሳ ቅጂ። አንብቤ፣ መርጬ፣ ረቂቁን የምጽፈው እኔ ነኝ።

«ኢትዮጵያዊት ነሽ አሉኝ» አለችኝ ሻይ እየቀዳች። «እናንተን እኛ አልገዛናችሁም። ስለዚህ ስታነቢ አትናደጂም።»

ፈገግ አልኩላት። ጨዋ ነኝ።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው እንዳታነበው ነው። ደግሞም አባባ እዚህ አገር ከመጣንበት ከዐሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ «አማርኛሽ እንዳይዝግ» እያለ በየዓመቱ ደብተር ይገዛልኛል። አባባ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ሁሉም ነገር ቦታውን እንዲይዝለት ይፈልጋል። ዛሬም ስለ ሥራው ስነግረው «አለችኝ፣ ቀዳችልኝ» ስል ሰምቶ፣ «ዮአዳን፣ አያትሽን የምታህል ሴት አንቱ አትባልም እንዴ?» አለ።

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፣ አልኩት።

ሐሙስ፣ ሜይ 10

ሁለት ሳጥን አለቀ። ሰውየው ቦምቤይ የወረደው በ1881 በሃያ ዓመቱ ነው። ስለ አገሩ ስንት ነገር ይጽፋል ብዬ ጓጉቼ ነበር። ስለ ጉበቱ ይጽፋል። ስለ ፈረሱ ጉልበት ይጽፋል። ከሁሉ በላይ ስለ ዕድገት ተራ ይጽፋል። የበላዩ ሲሞት የበታቹ አንድ ደረጃ ይወጣል፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ የጦሩን ስም ዝርዝር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። ለእናቱ እንዲህ ይላታል፦

«የሜጀር ሃልስ በኮሌራ ማረፍ ሁላችንንም አሳዝኖናል። ቦታውን ካፒቴን ብሬት ይወስዳል፤ ከብሬት ቀጥሎ እኔ ነኝ። የብሬትም መልክ ሰሞኑን አላማረኝም።»

ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሚስስ ላስኮም ከጓዳ «የቱ ጋ ደረስሽ?» አለች።

የኡርዱ ቋንቋ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፦ «ፈታኙ ሲናገር አይገባም።» ሕንዱ ፈታኝ፣ በገዛ ቋንቋው! እንግዲህ አገር ሲገዛ የኖረው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 12

የሐበሻ ሱቆች ሰፈር ጀፕ ዋልኩ። በወር አንድ ቅዳሜ ለወገን ፎርም ትሞያለሽ የሚለው አባባ ነው። ቦታዬ ሰአዳ ምግብ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከብርድ ልብስ ጅምላ ሱቆቹ በላይ። ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ «የዮአዳን ቢሮ» ይሏታል። እነሱ በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ሻይ በነጻ።

ዛሬ ስድስት ሰው መጣ። የመጨረሻው ሀቢሶ የሚባል የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነው፤ ሠላሳ አምስት ይሆነዋል፣ ሎኬሽን፣ የጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ፣ ትንሽ ሱቅ አለችው። ሁለት ዓመት ጊዜያዊ ወረቀት ሲያሳድስ ኖሮ አሁን «ለምን እንደተሰደድክ ቃልህን በጽሑፍ አቅርብ» ተብሏል። ቃሉ ካላሳመነ ወረቀቱን ይቀሙታል። ከተቀማ ወደ አገሩ ይመልሱታል፤ ያሰሩት ሰዎች ደግሞ እዚያው ናቸው። አገር ቤት ወፍጮ ቤት ነበረው። «ወፍጮ ቤትህ ውስጥ ስብሰባ ተደርጓል» ተብሎ ታስሮ፣ አምልጦ ነው የመጣው።

አማርኛው ጉድ ነው። እኔን «አንተ»፣ ሚስቱን «እሱ» ይላል። በየዓረፍተ ነገሩ አረምኩት። «እሺ እህቴ፣ እሺ» ይላል፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ታዲያ እንዲህ ተንቀርፍፎ የሚያወራ ሰው ቀን ላይ ስንደርስ ሊቅ ሆነብኝ! በኅዳር 2002 ታሰርኩ አለኝ። ስምንት ደመርኩና ኖቬምበር 2010 ብዬ ጻፍኩ።

«እህቴ፣ ኅዳር ላይ ሰባት አይደለም የሚደመረው? ስምንት እኮ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ ነው» አለ፣ ወራቱን በጣቱ እየቆጠረ።

«አቶ ሀቢሶ፣ እኔ የተማርኩት ታሪክ ነው። ዘመን አቆጣጠር ልታስተምረኝ ነው?»

በወዲያኛው ጠረጴዛ ያሉት ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀና ፈረመ። የወፍጮ ቤት ፕሮፌሰር!

ሰአዳ ብርጭቆ ስታነሳ «ብትቆጥሪለት ምን ነበረበት?» አለችኝ። ሰአዳ ለሁሉም ታዝናለች። ለደረጃው ድመትም ታዝናለች።

ሐሙስ፣ ሜይ 24

ሳጥን ሦስት። ፖሎ። ጉበት። የከርከሮ አደን። ብሬት አሁንም አልሞተም።

አንድ ትንሽ የሕግ ቢሮ የአማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ የስደተኞች ጉዳይ የሚይዝ። ቋሚ ሥራ። የራሴ ጠረጴዛ፣ ስሜ ያለበት ካርድ። አመለከትኩ። አምላኬ፣ ከዚህ አቧራ አውጣኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 5

ሳጥን አራት። ቀስ ብዬ ልጻፈው፤ ተናድጃለሁ።

1888። ቦታው ሰሜን ምዕራብ ድንበር፣ ራቁቱን የቆመ ተራራ አገር። ሌቦች የጦሩን በቅሎዎች ነድተው ሄዱ። ካፒቴን ላስኮም (ብሬት በመጨረሻ አረፈለት) መቶ ሃያ ወታደር ይዞ የሌቦቹን መንደር እንዲቀጣ ታዘዘ። መቅጣት ማለት ማቃጠል ነው። አንድ የአገሩን ሰው፣ ግመል ነጂ፣ መንገድ መሪ አድርገው ቀጠሩ። ሲነጋጋ ከአንድ አፋፍ ላይ ሆነው ቁልቁል የመንደር ጭስ ያያሉ። መንገድ መሪው «ይህ አይደለም፤ ሌቦቹ ያሉት ከሁለተኛው ጋራ ጀርባ ነው» ይላል። የላስኮም ደብተር እንዲህ ይላል፦

«ሰውየው አጥብቆ ተናገረ። ካርታው በእጄ ነበር። ከግመል ነጂ ጂኦግራፊ ልማር አልመጣሁም።»

አቃጠለው። ሃያ ሁለት ቤት፣ ለክረምት የተቀመጠው እህል በሙሉ። በማግስቱ በቅሎዎቹ ከሁለተኛው ጋራ ጀርባ ተገኙ።

ከዚያ ለአለቆቹ የላከው ሪፖርት ቅጂ አለ። ስለ መንደሩ አንድ መስመር ብቻ፦ «መንገድ መሪው የተሳሳተ መረጃ ሰጠኝ።» መንገድ መሪው ታሰረ። ካፒቴኑ ሜዳይ ተሸለመ፤ በሁለት ዓመቱ ሜጀር ሆነ።

ሰው ነገረው እኮ! አጠገቡ ቆሞ፣ በጣቱ እያሳየ ነገረው። ሁለት ወታደር ልኮ ማጣራት ምን ያስቸግረው ነበር? ግን ማን ይሰማል፣ ሰውየው ግመል ነጂ ነዋ! ካርታ ያልያዘ ሰው አፍ የለውም። ትዕቢትስ ከዕውቀት ጋር ይሁን፤ ይህ የኡርዱ ፈተና ሁለት ጊዜ የወደቀ ደንቆሮ! በሕይወቴ እንዲህ የናቅኩት ሰው የለም። ይህን ምዕራፍ አንድም ነገር ሳላለሳልስ ነው የምጽፈው። ሴትዮዋ ትሰርዘዋለች። ትሰርዘው። እነሱ የአያታቸውን ፎቶ መስተዋት ይወለውላሉ እንጂ የአያታቸውን ነገር ማወቅ አይወዱም።

ሰኞ፣ ጁን 18

ሕግ ቢሮው ለኢንተርቪው ጠራኝ። ጠበቃዋ ታንዴካ ትባላለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ዓይኗ አይርገበገብም።

«አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም» አለች። «ለስደተኞች ጽፈሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁለት ዓመት፣ በነጻ።»

«ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?»

«እስካሁን አላውቅም።»

ከጁላይ ጀምሮ የሦስት ወር ሙከራ፣ ከዚያ ቋሚ። ሻርፕ! ሳምንቱን ለሕግ ቢሮውና ለሚስስ ላስኮም አካፍዬዋለሁ። ለአባባ ስነግረው ተነሥቶ ጨበጠኝ፤ አባባ የሚጨብጠው መቶ ከመቶ ያገኘ ብቻ ነው።

ዕሮብ፣ ጁን 27

ሰአዳ ደወለች።

የሀቢሶ ቃል ውድቅ ሆነ። ውሸት ነው ተባለ። ድንበር ላይ የተሰጠው ወረቀት ማርች 2010 ይላል፤ ቃሉ ላይ ደግሞ አገር ቤት ታሰርኩ የሚለው ኖቬምበር 2010። እዚህ ከገባ ከስምንት ወር በኋላ። ምግብ ቤቱ ውስጥ «ለመታሰር የደርሶ መልስ ቲኬት ቆርጦ ነበር?» እያሉ ይቀልዱበታል። ይግባኝ ይባልለታል፤ ካልሆነ ያልቅለታል።

«እኔ የነገረኝን ነው የጻፍኩት» አልኳት።

በስልኩ ውስጥ የድስት ክዳን ሲንኳኳ ብቻ ይሰማ ነበር።

ሐሙስ፣ ጁን 28

«አባባ፣ ኅዳር ላይ ስንት ነው የሚደመረው?»

ጋዜጣውን ሳያወርድ «ሰባት። ይህንን ሕፃናትም ያውቁታል። ምነው?» አለኝ።

«ለኮሎኔሉ ነው።»

ኮሎኔሉን ከኅዳር ጋር ምን አገናኘው!

ቅዳሜ፣ ጁን 30

ጀፕ አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ አልኩ። እውነትም አሞኛል።

ግን እሱስ ፈርሞ የለም? ካላመነበት ለምን ፈረመ? እንግሊዝኛ አያነብም፣ እሺ፤ ሌላ ሰው ማስነበብ ይችል ነበር። ለስንቱ ሰው ጻፍኩ፤ አንድም ቀን ችግር መጥቶ አያውቅም። ካልጠፋ ሰው እሱ ላይ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 12

ሕግ ቢሮው አራተኛ ቀኔ። ታንዴካ ፋይል ይዛ «ያገርሽ ሰው መጣልሽ» አለችኝ። ተከትሏት የገባው ሀቢሶ ነው። የክት ጃኬቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ።

ታንዴካ አልተቀመጠችም። «ይህን ቃል ማን እንደጻፈለት ጠይቂው» አለች።

ጠየቅኩት። በአማርኛ፣ ጥርት አድርጌ፦ «ይህን ቃል ማን ነው የጻፈልህ?»

አየኝ። ቀና ብዬ ሳየው እሱ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

«ጀፕ ያገኘሁት ሰው ነው፤ አላውቀውም። ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። እኔ አልተማርኩም።»

ታንዴካ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቃለች።

ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። አልጨመርኩም። አልቀነስኩም።

ታንዴካ ፋይሉን ዘጋች። «እንግዲህ ይከብዳል። እሱ ተሳሳትኩ ቢል፣ ስንነቃበት ታሪኩን ለወጠ ይሉታል። የጻፈው ሰው ተገኝቶ ስህተቱ የኔ ነው ቢል ነበር የሚያዋጣው።»

«ምን አለ?» አለኝ ሀቢሶ። ነገርኩት።

«እሺ እህቴ» አለ።

ዓርብ፣ ጁላይ 13

እንዲዋሽልኝ አልጠየቅኩትም።

አልጠየቅኩትም! ማን ለመነው? ሞኝ ነው። ተርጉሚ ተባልኩ፣ ተረጎምኩ፤ ደመወዜ ለዚያ ነው። ያለኝን ትቼ ያላለውን ብናገር ነበር ጥፋቱ።

አባባ ሥራው እንዴት ነው አለኝ። ጥሩ ነው አልኩ።

ዕሮብ፣ ጁላይ 18

የይግባኙ ቀጠሮ ደረሰ። ኦገስት 23። ታንዴካ ራሷ ገርሟታል፤ ሌላ ጊዜ ዓመት ያስጠብቃሉ።

ሳጥን ሰባትና ስምንት። ላስኮም ሌተናል ኮሎኔል። ጄኔራል ለመሆን ለማን ለማን እንዳልጻፈ! ለአለቃው ሚስት የማንጎ ጭማቂ ልኮላታል። ተቅማጥ ያዛት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 24

የመንደሩን ምዕራፍ ለሚስስ ላስኮም ሰጠኋቸው። ዐሥራ አራት ገጽ። ኮሎኔሉን እንደ በግ ገፍፌዋለሁ። በማጉያ መነጽር አንድ ሰዓት ሙሉ አነበቡ፤ እኔ የምከራከርበትን ነገር ሁሉ ደርድሬ እጠብቃለሁ።

«ደህና ነው» አሉ። «አንዲት ቃል እንዳትነኪ።»

ደነገጥኩ።

«ያንን ደብተር ከሳጥን አራት አናት ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዳታልፊው ብዬ። አባቴ ስለ ሜዳዩ እያወራ ነው ያሳደገኝ። እኔ ደብተሩን ያነበብኩት በስልሳ ዓመቴ ነው።» ከዚያ ገጾቹን አስተካክለው «አንድ ነገር ግን» አሉ። «አያቴን ዐሥራ አራት ገጽ ሰድበሽዋል፤ ይገባዋል። መንገድ መሪውን ግን ከላይ እስከ ታች ‹መንገድ መሪው› ነው የምትይው። ሰውየው ስም የለውም?»

«አልተጻፈም።»

«ፈልገሻል?»

ያልከፈትኳቸውን ሦስት ሳጥኖች ዞሬ አየሁ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 31

ጉላብ ኻን።

ሳጥን ዘጠኝ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ በልብስ ሰፊ ደረሰኞች መካከል። በ1889 አንድ የገበያ ጸሐፊ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የጻፈለት ማመልከቻ። ቃል በቃል ልመልሰው፦

«ለካፒቴን ሳሂብ። እኔ የግመል ሰው ጉላብ ኻን ነኝ። ያን ንጋት ያየነው ጭስ የሴቶች ዳቦ መጋገሪያ ነው፣ ሌቦቹ ከሁለተኛው ጋራ ጀርባ ናቸው ብዬ ለሳሂብ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ። አሁን ከእስር ተፈትቼአለሁ፤ ግን የተቃጠለው መንደር ሰዎች መርቶ ያመጣብን እሱ ነው ብለው ሊገድሉኝ ይፈልጋሉ። መንግሥትም ውሸታም ነው ብሎ ሥራ ከልክሎኛል። ሳሂብ ገንዘብ እንዲሰጠኝ አልለምንም። ‹ይህ ሰው ነግሮኝ ነበር› የሚል አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ለመንደሩ ሽማግሌዎች አሳያለሁ።»

ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በማውቀው እጅ ጽሑፍ፦ «መልስ አያስፈልገውም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጉላብ ኻን የትም የለም። ሁሉንም ሳጥን አየሁ። በ1900 ላስኮም የጦር ፈረስ የጫነ መርከብ ይዞ ወደዚህ አገር መጣ፤ ጄኔራልነቱ ቀርቶ ፈረስ ጠባቂ ሆኖ። እንግሊዝ እዚህ የምትዋጋው ጦርነት ሲያልቅ እዚሁ ቀረ። ማዕድን ኩባንያ ቦርድ ውስጥ ገባ፣ ቤት ሠራ፣ ወፈረ፣ ሞተ። ወረቀቱን ግን አልጣለውም። ከሕንድ በመርከብ ይዞት መጥቶ፣ እስኪሞት አርባ ዓመት አስቀምጦታል። ያን ያህል ከከበደው መስመሩን መጻፍ አይቀለውም ነበር? ካልከበደው ለምን አልቀደደውም?

ለሚስስ ላስኮም አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን እኔም አላየሁትም» አሉ። ወረቀቱን ገልብጠው ደግሞ፣ «ያቺን መስመር ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር ትያለሽ?»

ዛሬ ልሰድበው ደብተሬን ከፍቼ ነበር።

እሑድ፣ ኦገስት 5

አልተኛሁም። ሥራው። ካርዱ ታትሟል፤ ሃምሳ ፍሬ፣ ስሜ ያለበት። ሦስት ወሩ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀረው።

ሀቢሶ ዐሥራ ስምንት ቀን ቀረው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 7

ጆበርግ በረዶ ጣለ። ሰው አብዷል። ታክሲ ነጂዎቹ መኪና አቁመው በረዶ ይወራወራሉ፣ የባንክ ሴቶች በተረከዘ ረጅም ጫማ እየተንሸራተቱ ይጮሃሉ። «ሀይቦ! ሀይቦ!» የማይል የለም። ታንዴካም ያለ ካፖርት ወጥታ እንደ ሕፃን አፏን ወደ ሰማይ ከፍታለች።

እዚያው ነገርኳት። ደረጃው ላይ። «የሀቢሶን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትክክለኛውን ነግሮኝ ነበር።»

አፏን ዘጋች። በረዶው ቅንድቧ ላይ ነው።

«ያን ቀን ሲጠየቅ አንቺ ነሽ የተረጎምሽው።»

«አዎ።»

«ፊት ለፊቴ።»

«አዎ።»

ገባን። በሩን ዘጋች። ማስረጃ አለሽ ወይ አለችኝ። ደብተሬ አለ፣ ሰባት ስምንት የተባባልነውን ሁሉ የዚያኑ ዕለት ጽፌዋለሁ አልኳት።

«ገጹን ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ከመሐላ ቃል ጋር አስፈርሚው።»

«ቀኑ ያለበትን ዓረፍተ ነገር?»

«ሙሉውን ገጽ። አስተርጓሚ አይቀንስም» አለች። ከዚያ ካርዶቹን ከነካርቶናቸው ከጠረጴዛዬ አነሳች። «በሰባትና በስምንት አይደለም የማሰናብትሽ። እሱን ማንም ይሳሳታል።»

ዕሮብ፣ ኦገስት 8

የገዛ ገጼን ስተረጉም ዋልኩ። «ተንቀርፍፎ» በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ሦስት ቃል ሞከርኩ፤ ሁለቱ ለኔ የሚያዝኑ ነበሩ። ሦስተኛውን ጻፍኩ።

አባባ ከመፈረሜ በፊት ሁለቱንም አነበበ፣ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም። የተማሪ ፈተና እንደሚያርም እስክሪብቶውን ይዞ ነው ያነበበው፤ ምንም አላሰመረም። ካፖርቱን ለብሶ መሐላ ወደሚጸድቅበት ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አብሮኝ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ጀፕ ሄድኩ። ሀቢሶ ሰአዳ ምግብ ቤት ቁጭ ብሏል። ቁጭ ሳልል ያደረግኩትን ነገርኩት። ይቅርታ አልኩት። ይቀልለዋል ብዬ ነበር፤ ይልቅ ፊቱ ጠቆረ። ሰአዳ ምጣዷን ትታ ቆመች።

«አንተ የአስተማሪ ልጅ ነህ» አለኝ። «አባትህ ለስንት ሰው ደክሟል። ሥራህን አላበላሽም ብዬ ነው ያልኩት። ግን…» ቃል ፈለገ። «አማርኛዬን ሁሉ ታርመኝ ነበር። ያን ቀን ስዋሽ፣ አሁን ያርመኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አልከኝ።»

ሻይ አላዘዝኩም። ሰአዳም አላመጣችልኝም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 23

ከይግባኙ ቀጠሮ መመለሴ ነው። ውሳኔው በደብዳቤ ይመጣል፤ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ታንዴካ «ተስፋ አለው» ብቻ አለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ይግባኙን የሚሰሙት ሰውዬ ጉንፋን ይዟቸዋል። ሀቢሶ ያንኑ ጃኬት ለብሶ ከታንዴካ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከጀርባው አዲስ አስተርጓሚ፣ ዘከሪያ የሚባል ሽበታም ሰው። እኔ የምስክር ወንበር ላይ። ሰውዬው ሥራሽ ምንድን ነው አሉኝ። የሞተ የጦር መኮንን ታሪክ እጽፋለሁ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና ጻፉት።

ከዚያ ገጹን ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ። በእንግሊዝኛ አነበብኩ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ዘከሪያ ለሀቢሶ ወደ አማርኛ ይመልስለታል። እኔ ከአማርኛ ያወጣሁትን እሱ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ምንም አልጠፋም። አንተ ማለቱ። አንደኛ ክፍል። መንቀርፈፉ። የወዲያኛው ጠረጴዛ ሳቅ። «የወፍጮ ቤት ፕሮፌሰር» ጋ ስደርስ ዘከሪያ አንድ አፍታ ቆመና አየኝ፤ እኔ ወረቀቱን አየሁ። ከዚያ አለው። ሀቢሶ ጃኬቱ ላይ አንድ ክር አገኘና ይጎትት ጀመር።

ሰውዬው አፍንጫቸውን ጠርገው «እንግዲህ ባጭሩ» አሉ። «ትክክለኛውን ቀን ነግሮሽ ነበር ወይስ አልነገረሽም?»

«ነግሮኝ ነበር። አልሰማሁትም።»

ዘከሪያ ወደ ሀቢሶ ጆሮ ዝቅ ብሎ «‹ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም› ነው የምትለው» አለው።

ሀቢሶ ክሩን ለቀቀው። ወደ እኔ አልዞረም። ለዘከሪያ፣ ግን ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ፣ «እስቲ አንዴ ድገምልኝ» አለው።